ለጣት የሚናገር ብረት

በጎንደር ጠመንጃ በስሙ ይጠራል። ውጅግራ፣ ለበን፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ሞዜር፣ ቤልጅግ፣ ናስማስር፤ ከደባርቅ እስከ ጭልጋ፣ ከወገራ እስከ አርማጭሆ እነዚህን ስሞች የማያውቅ ሽማግሌ ማግኘት ያስቸግራል። ተኳሹም ይወደሳል። ዒላማ የማይስት ሰው ስም በፉከራና በሽለላ ከአባት ወደ ልጅ ይሻገራል። ስለ ሰደፉ ጌጥ፣ ስለ ዝናሩ ቆዳ፣ ስለ አፈሙዙ ርዝመት የሚያወጋ አይታጣም። ጥይቱን የሞላው እጅና ያ እጅ የያዘው መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ አወዳሽ አላገኙም። እኔ ላወድስ የተነሣሁት ይህን መሣሪያ ነው፤ በአንድ መዳፍ የሚጨበጥ፣ በአውራ ጣት የሚሠራ፣ ከአንዲት ሥራ በቀር ሌላ የማያውቅ የካፕሱል መትከያ።

ሥራው ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ የተተኮሰ የውጅግራ ቀለህ ገልብጦ ማየት ይበቃል። ውጅግራ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ ሻምበል ባዚል ግራ የነደፈው ጠመንጃ ነው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሁ ከወፍራም ናስ የተሳበ፣ 59 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ወደ አፉ ሲጠጋ ትከሻው ጠበብ የሚል ነው። ሙሉ በነበረበት ጊዜ 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድና በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም እርሳስ ይይዝ ነበር። ቀለሁን ገልብጠን መቀመጫውን ስናይ ሰፋ ያለ ክብ ከንፈር እናገኛለን፤ ከከንፈሩ መሀል ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ አለ። በትንሹ ክብ እንብርት ላይ የተረገጠች ጎድጓዳ ምልክት የመምቻው መርፌ አሻራ ናት። ያ ትንሽ ክብ ካፕሱል ይባላል። የጥይቱ ነፍስ እሱ ጋ ነው።

ካፕሱል ሲታይ ከቀጭን መዳብ ወይም ናስ የተጨለፈ ኩባያ ነው። በውስጡ ሲመታ የሚፈነዳ፣ በጣት ጫፍ ቆንጥረው የማይሞሉት ያህል ቅመም አለ። ቅመሙን ከፊት ለፊቱ የሚጠብቀው እንደ ቀጥቃጭ መስፍ የጸና ጫፍ ነው። ቃታው ሲሳብ መርፌው ኩባያውን ይመታል፤ ቅመሙ በኩባያውና በጫፉ መካከል ይደቆሳል፤ ነበልባሉ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ባሩዱን ይለኩሳል። ይህ ሁሉ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ያልቃል። ካፕሱሉ ጠልቆ ካልተቀመጠ የመርፌው ጉልበት ኩባያውን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቅና ጥይቱ ይከሽፋል። ከሚገባው በላይ ተገፍቶ ከጠለቀ ደግሞ ቅመሙ ይሰነጠቃል፤ ያኔም መክሸፍ ወይም መዘግየት ይመጣል። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ከቀረ ከሁሉም የከፋው ሊደርስ ይችላል፤ የጠመንጃው መዝጊያ ገና ሲዘጋ ይመታውና ሳይታሰብ ይተኩሳል። በትክክለኛውና በተሳሳተው መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። መትከያው የሚዳኘው በዚህች ልዩነት ነው።

ይህች ትንሽ ኩባያ ከመምጣቷ በፊት እሳት ለተኳሽ ፈተና ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የአገሩ ነፍጠኛ የሚተኩሰው በሚጨስ ክር ነበር። ክሩ እስኪነድ መጠበቅ፣ ከነፋስ መከለል፣ ከዝናብ መሸሸግ ግድ ነው። በስሜን ጉም፣ በወገራ የሐምሌ ውርጅብኝ ያ ክር ስንት ጊዜ እንደጠፋ መገመት አያዳግትም። በባልጩት የሚተኮሰውም ከእርጥበት ነፃ አልነበረም። መፍትሔው የመጣው ወፍ ማደን ከሚወድ የስኮትላንድ ቄስ ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የባልጩቱ ብልጭታ ወፎቹን ቀድሞ እያስበረገገ አስቸገረውና በምት የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ መለኮሻ አዋለ፤ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1807 አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ቅመሙ በመዳብ ኩባያ ገባ፤ ኩባያው ደግሞ ወደ ናስ ቀለህ መቀመጫ ተሸጋገረ። ጥይት፣ ባሩድና እሳት በአንድ አካል ተጠቃለሉ።

ይህ ለውጥ ለእኛ ታሪክ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ያየ ይረዳዋል። የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ከጫነ በኋላ ከምንም በላይ የተመኘው የእጅ ሙያ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን የመሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስቦ መድፍ አስቀለጠ፤ ትልቁን ሴባስቶፖል ብሎ ሰየመው፤ መንገድ እያስጠረገ እስከ መቅደላ አስጎተተው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ጦሩ ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር ጋር ሲገጥም ግን እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዘው ነበር። የስናይደር ጥይት ካፕሱሉን በመቀመጫው የያዘ ነው። የቴዎድሮስ ወታደር ባሩዱን በአፈሙዝ አፍስሶ፣ እርሳሱን በዘንግ ጠቅጥቆ፣ ካፕሱሉን ለብቻው ገጥሞ አንድ ጊዜ እስኪተኩስ የእንግሊዙ ወታደር ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። በዚያ ቀን ሁለቱን ጦር ከለዩት ነገሮች አንዷ ከጣት ጥፍር የምታንስ የናስ ሥራ ነበረች። ቴዎድሮስ የሙያን ኃይል አልሳተም፤ ወሳኙ ልክ ግን ከመድፉ ይልቅ በጥቃቅኑ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የናስ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ወደ አገሩ በብዛት ገባ። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲደመስሱ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ድረስ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጭነት 2,040 ካፕሱል የሚገጠምላቸው ጠመንጃዎችና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ውጅግራም በብዛት ገባ። ጠመንጃው ሲበዛ ጥያቄው ወደ ጥይት ዞረ። ባሩድ በአገር ልጅ ይወቀጥ ነበር፤ እርሳስም ይቀለጥ ነበር፤ የተተኮሰ ቀለህም እየተለቀመ እንደገና ይሞላ ነበር። ጥይት በአንዳንድ ገበያ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ እስከ መቆጠር ደርሷል። ከአራቱ የጥይት አካላት ባሩዱ፣ እርሳሱና ናሱ ዘዴ ሲገኝላቸው አራተኛው፣ ካፕሱሉ፣ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ሆኖ ቀረ። ቅመሙ የኬሚስት ሥራ ነው፤ ኩባያውም ከፀጉር የቀጠነ ልክ የሚጠይቅ የማሽን ሥራ ነው። ስለዚህ በእጅ ያለች አንዲት ካፕሱል ውድ ነበረች፤ ተበላሽታ እንድትከሽፍ የሚፈቅድ አልነበረም። መትከል ትልቅ ሙያ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ናሱን ማንበብ ነው። ካፕሱል በዓለም ላይ በሁለት መንገድ ይሠራል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1866 የተመዘገቡ ናቸው። አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ጫፉን ከራሱ ከቀለሁ መቀመጫ አብሮ አወጣው፤ ነበልባሉ በግራና በቀኝ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሾልካል። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ቦክሰር ጫፉን በካፕሱሉ ውስጥ አስገብቶ መሀል ለመሀል አንድ ቀዳዳ ብቻ ተወ። የአሜሪካዊው መንገድ በአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ዘንድ ተስፋፋ፤ የእንግሊዙ ደግሞ በአሜሪካ። ቀለህ ለሚሞላ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቦክሰርን ያረጀ ካፕሱል በመሀሉ ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ ሰዶ መግፋት ይበቃል። የበርዳንን ግን ከውጭ በሾለ ብረት ፈልፍሎ ማንሣት ወይም ቀለሁን ውሃ ሞልቶ በዘንግ መታ በማድረግ በውሃው ግፊት ማስወጣት ያስፈልጋል። ፈልፍሎ የሚያነሣ ሰው እጁ ትንሽ ከሳተ ጫፉን ያበላሸዋል፤ ጫፉ የተበላሸ ቀለህ ደግሞ ከዚያ በኋላ ካፕሱል አይቀበልም።

ናስ የራሱ በሽታም አለው። የጥይት ናስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። እንግሊዞች በህንድ በክረምት ወራት ጥይታቸው በፈረስ ጋጣ አጠገብ ተቀምጦ ሳይተኮስ ሲሰነጠቅ አይተው ለዓመታት ተደነቁ። ምክንያቱ ከእንስሳት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ እንደሆነ፣ ሲሠራ በተጨነቀው ናስ ውስጥ ገብቶ እንደሚያፈርሰው በኋላ በምርምር ተረጋገጠ። ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት፣ ክረምቱ በሚረዝምበት በወገራና በስሜን ቤት ይህን ማወቅ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከዝናር ቆዳ ጋር ለዓመታት የተጣበቀ ናስም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ በቆዳ ፋቂው ቅመም ውስጥ ያለው አሲድ ይበላዋልና። የድሮዎቹ ካፕሱሎች ሜርኩሪ ስለነበራቸው ሜርኩሪው ከናሱ ጋር ተዋሕዶ ተሰባሪ ያደርገው ነበር፤ የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ግን ብዙውን ይዞት ስለሚወጣ ወዲያው በውሃ የታጠበ ቀለህ ለብዙ ዙር ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ጥይት የሚሞላ ጥሩ ባለሙያ ቀለሁን በብርሃን ፊት ያዞረዋል፤ አፉንና ትከሻውን በጥፍሩ ይዳስሳል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየ ያስወግደዋል። መትከያው ከዚያ በኋላ ነው የሚነሣው።

አሁን ወደ መሣሪያው ራሱ እንምጣ። በእጅ ጥይት የሚሞላበት መሣሪያ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ባርሎ በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል በሚል ስም ባወጣው ጉጠት መሰል መሣሪያ ነው። ሁለት እጀታ፣ አንድ ማጠፊያ፣ በጫፉም ቀለህ የሚጎርስ መንጋጋ ያለው ነው። ኮርቻ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ አዳኝ በበረሃ ይሠራበታል። ላይማን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ገዝቶት ዘሩን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሪቻርድ ሊ ደግሞ ለድሀ አዳኝ የሚሆን፣ በእንጨት መዶሻ እየመቱ ካፕሱል የሚተክሉበት ቀላል ስብስብ አወጣ። ዛሬ ሊ፣ አርሲቢኤስና ሌሎችም የሚሠሩት መትከያ በመዳፍ የሚያዝ፣ ከላይ ካፕሱል የሚፈስበት ትንሽ ሳህን ያለው፣ በአውራ ጣት ወይም በአራቱ ጣቶች የሚጨበጥ ማንሻ ያለው ነው።

አንዱ ጥሩ፣ ሌላው ተራ የሚሆነው በምንድን ነው? ማንም የሚሸጥ ሰው ጉልበት አያስፈልገውም ብሎ ያወድሰዋል። ጉልበት ማብዛት ቀላል ነው፤ ማንሻውን ማስረዘም ብቻ ነው። በጠረጴዛ ላይ የታሰረ ትልቅ መጭመቂያ ቀለህ የሚያስተካክል ክንድ ስላለው ካፕሱልንም ያለ ምንም ትግል ይገፋል፤ ግን ክንዱ ከበድ ስለሚል ስሜቱ ወደ እጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይጠፋል። የእጅ መትከያ ክብሩ ይህን ስሜት ማድረሱ ነው። ማንሻው ሲጨበጥ መጀመሪያ ባዶ ጉዞ አለ። ቀጥሎ ካፕሱሉ የጉድጓዱን አፍ ይነካል፤ ጣት ቀለል ያለ ንክኪ ይሰማዋል። ከዚያ እኩል ሆኖ የሚቀጥል መቋቋም ይመጣል፤ ኩባያው የናሱን ግድግዳ እየታከከ መውረዱ ነው። በመጨረሻ ጠንከር ያለ መቆም ይሰማል፤ የካፕሱሉ ጫፍ እግሮች የጉድጓዱን ወለል ረገጡ። ከዚያ በላይ እጅግ ትንሽ ጫና ብቻ ይቀራል፤ ቅመሙ በጫፉ ላይ በልኩ እንዲጨነቅና መርፌው ሲመታው ሳይዘገይ እንዲፈነዳ። ካፕሱሉ ከቀለሁ መቀመጫ ገጽ ከ0.05 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ሥራው ተፈጸመ። ይህን ሁሉ ዓይን አያየውም፤ የሚያነበው ጣት ነው።

ጣት የሚያነበው ትክክለኛውን ብቻ አይደለም። መቋቋሙ ሳይሰማ ካፕሱሉ ሾልኮ ከገባ ጉድጓዱ ሰፍቷል፤ ያ ቀለህ ዕድሜው አልቋል፤ ሌላ ጊዜ ቢሞላ ጋዝ ወደ ኋላ ያመልጣል። መቋቋሙ ከመጀመሪያው ከበረታ በጉድጓዱ ውስጥ ጥቀርሻ ቀርቷል፤ ወይም ቀለሁ ከጦር ፋብሪካ የወጣና ካፕሱሉን የሚይዝ የተጨፈለቀ ቀለበት ያለበት ነው፤ ቀለበቱ ሳይጸዳ መግፋት አደጋ ነው። መቋቋሙ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ካፕሱሉ ዘንበል ብሏል። ጥሩ መትከያ ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የተለየ መልስ አለው፤ ያ መልስ ለሠራተኛው ጣት ይደርሳል። መጥፎ መትከያ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ልስላሴ ይውጠዋል። የመሶብ ክዳን ከአፉ ጋር ሲገጥም የምትሰማውን ትንሽ ጥብቀት ያህል የሚለይ መሣሪያ፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ነው።

ይህን ስሜት የሚያመጡት ጥቂት ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በቅርበት ማየት ያስደስታል። የመጀመሪያው ገፊው ዘንግ ነው። ለትልቁ ካፕሱል 5.3 ሚሊ ሜትር፣ ለትንሹ 4.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ፊቱ ፍጹም ጠፍጣፋ፣ ወደ ጎን ያልተዘነበለ፣ ያልተሸራረፈ መሆን አለበት፤ እንዲህ ካልሆነ ኩባያው ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ይተዋል። ሁለተኛው የቀለህ መያዣው ነው። ሁሉንም ዓይነት ቀለህ የሚይዝ ተንሸራታች መንጋጋ ለመቀያየር ይመቻል፤ ለአንድ ዓይነት ቀለህ ብቻ የተፈለቀ መያዣ ግን ከንፈሩን በትክክል ያቅፋል፤ ቀለሁም አይነቃነቅም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ፍጥነት የሚፈልግ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ሦስተኛው ማጠፊያው ነው። መሣሪያ የሚያልቀው ከዚያ ነው። ማንሻውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ ማየት ይገባል፤ ብሎኑ ከቀዳዳው ውስጥ የሚጫወት ከሆነ ስሜቱ በዚያ ክፍተት ይባክናል። በአንድ ወቅት የተሠሩ ብዙ የአይዲያል መሣሪያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም የሚሠሩት ማጠፊያቸው ወፍራምና በልኩ የተሞረደ ስለሆነ ነው። አራተኛው ሳህኑ ነው። ብዙ ካፕሱል አንድ ላይ በተቀመጠበት ሳህን ውስጥ አንዱ ሲፈነዳ ሌሎቹም ሊከተሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ በሚተከለው ካፕሱልና በተቀሩት መካከል የብረት መከለያ ያለው፣ ወይም አንድ አንድ ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ የተሻለ ነው። የዓይን መነጽርም ሳይደረግ መትከያ አይነካም።

በአገራችን ጥይት መሙላት ለሁሉም የተፈቀደ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ጥይትም መሥራትን ከልክሏል፤ የአገር ጥይት የሚመረተውም በአምቦ አቅራቢያ በሚገኘው ሆሚቾ ፋብሪካ ነው። እኔም መትከያውን የማነሣው እንደ ጥሩ የእጅ ሥራ ናሙና ነው። ሕጉ የሚከለክለው ሥራውን ነው እንጂ ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅን አይደለም፤ ያለፈው ዘመን ባለሙያ ምን እንደቻለ ማክበርንም አይደለም።

በጎንደር ይህን ዓይነት ስሜት በጣት የሚያነቡ እጆች ጥንት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከከተማዋ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። ቤተ እስራኤላውያን ከነገሥታቱ ግንብ ዘመን ጀምሮ በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ጎንደርን አገልግለዋል። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን ያወጣው የእነሱ ወናፍና መዶሻ ነው። ብረቱ ሲግል ቀለሙን፣ ሲመታ ድምፁን፣ ሲሞረድ መቋቋሙን አንብቦ ልክ ማወቅ የእነሱ ትምህርት ነበር፤ ወረቀት ያልተጻፈበት፣ ከአባት እጅ ወደ ልጅ እጅ የተላለፈ ትምህርት። አገሩ ግን እጃቸውን እየተጠቀመ ጠይብ፣ ቡዳ እያለ ሲሰድባቸው ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የበሽታውን ጥልቀት ያሳያል። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከሙያውም ብዙው አብሯቸው ሄደ።

ዛሬ በጎንደር ከተማ የቶርኖ ቤቶች አሉ። የወፍጮ አክስል የሚያስተካክል፣ የመኪና ቡሺንግ የሚፈልቅ የቶርኖ ሠራተኛ ከብረቱ ላይ የመጨረሻውን ክር ሲያነሳ እጁን በመንኮራኩሩ ላይ አሳርፎ ሲያዳምጥ ማየት ሙያው እንዳልጠፋ ይናገራል። አንድ የመቶ ሃምሳ ዓመት ውጅግራ ቀለህ ከንፈሩ ሰፊ ስለሆነ ዛሬ የሚሸጡት መያዣዎች ብዙዎቹ አይዙትም፤ እንዲህ ያለ የጥንት ጠመንጃ የሚሰበስብ ሰው መያዣውን በቶርኖ ሊያስፈልቀው ይችላል። ልኩን ከቀለሁ ላይ ወስዶ፣ ብረቱን ፈልቆ፣ ቀለሁ ሳይጣበቅና ሳይላላ እንዲንሸራተት ማድረግ የጎንደር ቶርኖ ሠራተኛ የሚችለው ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ልክ አዋቂ ሰው ማንም ጀግና ብሎ ሲፎክርለት አልሰማሁም፤ ሊፎከርለት ግን ይገባል።

መትከያ ለሚመርጥ ሰው፣ የትም አገር ይሁን፣ ፍርዴ ይህ ነው፦ ገንዘብህ በሁለት ነገር ላይ ይውጣ፤ በዘንጉ ቀጥተኛነትና በማጠፊያው ጽናት። ሳህኑ አንዱን ካፕሱል ከሌላው ይከልል። የቀለህ መያዣው ለቀለህህ የተፈለቀ ይሁን። ከመግዛትህ በፊት ባዶውን ጨብጠው፤ ማንሻው ሲቆም የቆመበትን ቦታ ጣትህ ካልለየው፣ ቀለም ቢያምር ስም ቢኖረውም ተወው።

ለጎንደር ሰው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ የአያት ውጅግራ፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ቀለህ፣ የእርሳስ ማቅለጫ ጭልፋ፣ ስሙ የተረሳ ጉጠት መሰል ብረት ይገኛል። ቁራሌው ሲመጣ በኪሎ ይሸጣል፤ ናሱም ቀልጦ ዶቃና ቀለበት ይሆናል። ዶቃው ያምራል፤ ግን መሣሪያው ከቀለጠ በኋላ ያ እጅ እንዴት እንደሠራ የሚያሳየን ነገር አይኖርም። ጠመንጃውን ሙዚየም ያስቀምጠዋል፤ መሣሪያውንም ያስቀምጥ። የከተማዋ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀለሁን ብቻ ሳይሆን የሞላውን ብረት፣ የወናፉን አፍ፣ የመስፉን ጠርዝ እየለቀሙ፣ ማን ምን እንደሠራበት በሕይወት ካሉ ሽማግሌዎች እየጠየቁ ቢመዘግቡ፣ ከፋሲል ግንብ ቀጥሎ ለጎንደር ሙያ የሚቆም ምስክር ይሆናል። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነው፤ መመዝገቡ ዘንድሮ ይጀመር።